ቦርሳችንን አዝለን ድሬ ገባን፣ ሐረር ከረምን

ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ አየር ማረፊያ የሚቀበለው ዘመድና የኪራይ መኪና እንዳለው ነው ሁሉም የሚያስበው። እኔና ባለቤቴ ግን ከገና ማግስት ጀምሮ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ ያለችንን ሁሉ በጀርባችን አዝለን ነው የዞርነው፤ ባሌን በእግር፣ ቆላውን በባቡር፣ ከዚያ ድሬዳዋና ሐረር። እኔ የለገሀሬ ልጅ ነኝ፤ ከድሬ ከወጣሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። እሱ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ምሥራቁን አያውቀውም። የምንኖረው ስዊድን ነው። እንደኛ ተሸክሞ መዞር ለሚፈልግ ሰው የት እንደሚደላው፣ የት እንደሚጉላላ ልንገራችሁ።

ባሌን ባጭሩ ልለፈው። የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ዲንሾ ላይ አስጎብኚም ፈረስም የሚገኘው በተራ ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው አብሯችሁ ይወጣል፣ ደላላ መሀል አይገባም። ድንኳኑንና ስንቁን ፈረስ ይሸከመዋል፣ እናንተ የቀን ልብሳችሁን ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊት የጠርሙስ ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ከቤታችሁ ያዙ። ቱሉ ዲምቱን፣ 4,377 ሜትር፣ በአራተኛው ቀን ወጣነው። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ፣ ከጅብራው ሥር፣ ጆሮዋን ቀስራ ስታደባ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን አየናት። አስጎብኚያችን ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለዚያ ዝምታው ብቻ ተጨማሪ ጉርሻ ሰጥተነዋል።

ከባሌ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን ባቡር ያዝን። ለቡ ያለው ጣቢያ ከከተማው መሀል ሩቅ ነው፤ ባቡሩም በየቀኑ አይሄድም፤ ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ ማጣራትና ትኬቱን ፓስፖርት ይዞ በአካል ሄዶ መቁረጥ ይሻላል። ቦርሳችን በፍተሻ ማሽን አለፈ፣ ከመቀመጫችን በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ ማንም ተጨማሪ ክፈሉ አላለንም። አዳማን፣ የመተሐራን በሰቃ ሐይቅ፣ አዋሽን እያለፉ መሬቱ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ቀይ ሲለወጥ ማየት አንድ ጉዞ ነው። ግመሎች የግራሩን ጫፍ ሲቀነጥሱ ከመስኮቱ አጠገብ ናቸው። ምግብና ውሃ ግን ይዛችሁ ግቡ።

አያቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ድሬ የተወለደችው በሐዲዱ ነው፤ የፈረንሳዮቹ መስመር ሐረር ሊወጣ ታስቦ ዳገቱ ስላስቸገረ ከተራራው ግርጌ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። አሮጌው ጣቢያ ከዚራ ላይ አሁንም ቆሟል፤ በሩ ላይ ፈቃድ ጠይቀን ገባን፣ አንድ ጡረተኛ ሠራተኛ ጋራዡን አስጎበኘን። ማሽኖቹን በእጁ እየዳሰሰ፣ የእያንዳንዱን ሥራ እየነገረን፣ አያቴ ይቆምበት የነበረውን ጥግ አሳየኝ። አልቅሻለሁ። ድሬ ሄዳችሁ ይህን ቦታ ሳታዩ አትመለሱ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ድሬ ላይ አንድ ሆቴል ገና ስዊድን ሳለን በኢሜይል ሁለት ሌሊት አስይዘን ነበር፤ ማረጋገጫም ልከውልናል። ስንደርስ ክፍላችን ለሠርግ እንግዶች ተሰጥቷል። ሌላ ክፍል አለ ተባልን፣ ፓስፖርታችን የውጭ ስለሆነ ግን በዶላር ክፈሉ ተባለ። ሁለታችንም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ፣ አለን፤ አወጣን፣ አሳየን። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ «እርስዎ ትንሽ ይቀመጡ፣ ኃላፊው ሲመጣ ይነግሩዎታል» አለኝ። ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ኃላፊው አልመጣም፣ የሚደውልለትም ሰው አልተገኘም። ያበሳጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት «ይህ የኔ ጥፋት ነው» ወይም «ይህን እኔ እፈታዋለሁ» የሚል አንድ ሰው መጥፋቱ ነው።

የድሬ ሰው «እርስዎ» አያውቅም። ሽማግሌውም አንተ፣ እናትየዋም አንቺ ነው፤ ከንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። ስለዚህ በዚያ ሆቴል እርስዎ እርስዎ ሲሉኝ ቤቴ እንዳልገባሁ ገባኝ። በር ላይ የቆመ የባጃጅ ልጅ ደግሞ ቦርሳችንን አይቶ፣ «አቦ፣ ነይ ውጪ! ምን ያስቀምጥሻል?» አለኝ። ወጣን። ከዚራ፣ ዛፎቹ መንገዱን ጥላ ያደረጉበት ሰፈር፣ አንዲት ፔንሲዮን ወሰደን። ዋጋ ነግሮን፣ ቦርሳ አውርዶ አልሄደም። ክፍሉ ገባ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ውሃ መውረዱን አየ፣ ማራገቢያውን አበራ፣ ከዚያ «በቃ፣ እደሩ» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለ። በቀሩት ሦስት ቀናትም የያዝነው እሱኑ ነው።

ፔንሲዮኗ ግቢዋ ንጹሕ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ከሮቶ ይሰጣሉ። ባለቤቲቱ አጎበሩን ራሷ ዘርግታ አሳየችን። «ሌሊት የሚነክሰውን ብቻ አትፍሩ፣ ቀን የሚነክሰውም አለ» አለች። ድሬ ላይ ከወባ ሌላ ደንጊም አለ፤ የደንጊዋ ትንኝ ቀን ነው የምትነድፈው። ቅባትና ረጅም እጅጌ አይርሳችሁ። ጠዋት ጠዋት ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ከዚያ ቀፊራ ገበያ። ቀፊራን እኩለ ቀን አትሂዱበት፣ ሙቀቱ ይጥላል።

ወደ ሐረር በሚኒባስ ወጣን፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ረዳቱ ለሁለቱ ቦርሳ የአንድ ሰው ዋጋ ጠየቀ። እኔ በድሬኛ ተከራከርኩት፣ በግማሹ ተስማማን። ቦርሳው ሲጫን ሂሳቡን ጨርሱ፤ ሐረር ደርሳችሁ ከሆነ ክርክሩ አያልቅም። መኪናው ደንገጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ አየሩ በመስኮት ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ሐረማያ ላይ ባለቤቴን ክንዱን ይዤ ጮህኩ። እኔ ስወጣ ደርቆ ከብት ይሄድበት የነበረው ሐይቅ ውሃ ይዟል፣ ወፎች ሰፍረውበታል። አወዳይን በጫት ግርግሯ አለፍን። ሐረር ላይ ቦርሳ ሲወርድ የኔው ማንገቻ ከሥሩ ተገነጠለ።

ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች፣ መኪና ግርግር የሚሉት መንገድ አለ። ስሙ የመጣው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ግራና ቀኝ ሰፊዎች ተቀምጠው ይረግጣሉ። አንድ ሽማግሌ ጋ ቆምን። ቦርሳዬን ተቀብሎ አገላበጠው፣ የተገነጠለውን በአውራ ጣቱ ጎተተ፣ «ይህን መኪና አይችለውም» አለና ሲንጀሯን ወደ ጎን ገፋ። ከሥር ካለ ሣጥን የቆዳ ቁራጭ አወጣ፣ በመቀስ ክብ አድርጎ ቆረጠ። ክሩን አጥፎ በሻማ አሸው፤ ሦስት ጊዜ አሸው። በወስፌ እየበሳ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ እያመላለሰ፣ አርባ ደቂቃ ያህል ሰፋ። ሲጨርስ ቦርሳውን ሙሉ እንደሆነ በማንገቻው ብቻ አንጠልጥሎ ነቀነቀው፣ ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለባለቤቴ አሸከመው፤ «አንተ ከበድ ትላለህ፣ ሩጥበት» አለው። ሮጠ። የጠየቀን ዋጋ ከሁለት ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም፤ ጨምረን ስንሰጠው የጨመርነውን መለሰልን። ስዊድን ውስጥ ይህን ቦርሳ ጣሉና ሌላ ግዙ ነበር የምንባለው።

ያረፍነው ጀጎል ውስጥ፣ እንግዳ በምትቀበል የሐረሪ እናት ቤት ነው። ስለ ሐረር አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፦ ከግንቡ ውጭ ሆቴል አትያዙ፣ ጌይ ጋር፣ የሐረሪዎቹ ባህላዊ ቤት፣ ውስጥ እደሩ። ሳሎኑ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፣ ወለሉ ቀይ፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያ ስፌትና ሳህን ነው። ባለቤቴ እንደገባ ከፍ ወዳለው ወደ አሚር ነደባ ሊወጣ ሲል በትሕትና ያዘችውና የእንግዳውን ቦታ አሳየችው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። በቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል፣ ኪርታቷን፣ አሳየችን። ድሮ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ እዚያ ይከርሙ ነበር። ጠዋት ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥ በወተት፣ ትኩስ ዳቦ፣ አንድ ቀን ሑልበት መረቅ፣ የአብሽ መረቅ። መጸዳጃው በግቢ ማዶ ነው፣ የጋራ ነው፤ ውሃው በበርሜል ነው። ሙቅ ሻወር ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። እኛ ለሦስት ሌሊት ገብተን ዘጠኝ አደርን።

አስጎብኚ ስትይዙ የፈቃድ መታወቂያውን ጠይቁ፤ የሙዚየም መግቢያና የማታው የጅብ ነገር በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም በቃል አስሩ። የኛው ልጅ ፊት ለፊት ነገረን። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ የተሠራውን ግንብ ዙሪያውን በእግር ወሰደን፤ አምስቱን በሮች አሳየን፣ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባትን ቀዳዳ ወራባ ኑዱልን ጭምር። ጅቡን በዱላ ጫፍ ሥጋ ማብላቱን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የያዘኝ ግን በሙስሊሞቹ የአሹራ ቀን ለጅብ በቅቤ የራሰ ገንፎ የሚቀርብለት ልማድ ነው፤ ልጁ አያቱ ስታዘጋጅ ያየውን እየነገረን ጨለማው ውስጥ ቆየን። የእርቅ መንገድ ከሚሉት ጠባብ ጎዳና ላይ ደግሞ፣ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እዚህ ከተገናኙ ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ ይታረቃሉ አለን። እኔና ባለቤቴ ጠዋት በባቡር ትኬት ጉዳይ ተነታርከን ነበር። ልጁ አያውቅም። ከሁለት ጫፍ ገብተን መሀል ላይ ተገናኘን።

ከሙዚየሞቹ የአብዱላሂ ሸሪፍን አታሳልፉ። የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የድሮ የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጎራዴዎች፣ የሐረር የመጽሐፍ ጥራዝ ጥበብ። ግማሽ ቀን መድቡለት። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለው ባለ ቀለም መስታወቱ ሕንፃ በውበቱ ይታያል፤ ገጣሚው ራሱ ግን እዚያ አልኖረበትም፣ የተሠራው ከሱ በኋላ ነው።

ወደ ባቢሌ ድንጋይ ሸለቆ ለመሄድ መኪና ኮንትራት ይዘን ነበር። በተስማማንበት ዋጋ ወጥተን መንገድ ላይ የነዳጅ ጭማሪ ተጠየቅን፤ በረሃ መሀል ስለሆንን ከፈልን። እናንተ ዋጋውን በጽሑፍ አስፍሩ፣ ነዳጅ የሚለው ቃል ይግባበት። ድንጋዮቹ ግን፣ አንዱ ትልቅ ቋጥኝ በሌላው ጫፍ ላይ ለመውደቅ ትንሽ የቀረው መስሎ ሲቆም፣ ማየት ይገባችኋል። በሕዝብ ሚኒባስ ባቢሌ ከተማ ድረስ መሄድም ይቻላል።

ሐረር ላይ ያልደረስንበት አንድ ነገር ሸዋል ዒድ ነው፤ ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ጾም ተጹሞ የሚከበረው፣ ዩኔስኮም በታኅሣሥ 2023 የመዘገበው በዓል። ለሱ እንመለሳለን። ከስዊድን ላሳደረችን የሐረሪ እናት ደውዬ ክፍሉን ያዢልን፣ ቀብድ በባንክ እልካለሁ አልኳት። «ገንዘብ አትላኪ» አለችኝ፣ «ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።»