ሀዋሳ ላይ ለሯጭ የሚሆን የጉልበት (የጡንቻ ጥንካሬ) አሰልጣኝ፣ ከ3 ወር በኋላ

ቀን ቢሮ ነው የምውለው፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እሮጣለሁ፣ እሁድ ደሞ ታቦር ተራራ። ችግሬ ባቴ ነበር፣ 10 ኪሎሜትር ሳልፍ ጭምድድ ይልና አላራምድ ይለኛል። በፊት የነበርኩበት ጅም ሯጭ ነኝ ብዬ ብነግራቸውም ያው ደረትና ክንድ ነበር የሚያሰሩኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

የአሁኑ ኮች የመጀመሪያ ቀን ብረት አላስነካኝም። ጫማዬን አስወልቆ ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር አቆመኝና ተረከዜን ሳነሳ ሳወርድ ቆጠረ፣ ቀኙ 22 ግራው 13 ላይ አለቀ፣ "አየህ፣ ችግሩ እዚች ጋ ነው" አለኝ። ከዛ በሳምንት 2 ቀን ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) እና የባት ስራ፣ ከባዱን 5 ጊዜ አንስተህ 3 ደቂቃ ታርፋለህ፣ ገና 2 የምትጨምርበት አቅም እያለህ ታቆማለህ። መጀመሪያ ላቡ የታለ ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር፣ እሱ ግን ትንፋሹን ሩጫው ይሰራልሃል እዚህ የመጣኸው ለጉልበት ነው አለኝ፣ እውነቱን ነው። የእግር ቀኑንም ከረጅም ሩጫዬ ዋዜማ አርቆ ነው የሚያወጣልኝ፣ ይሄን የሚያስብ አሰልጣኝ ብዙ አላየሁም።

ቅር ያለኝ የስኳት ብረት ማቆሚያው አንድ ብቻ መሆኑ ነው፣ ከስራ መውጫ ሰዓት ላይ ወረፋው አይጣል፣ የሚመቻችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ሂዱ። ክፍያውም ከጅሙ ለብቻ ስለሆነ ከጓደኛ ጋር ተካፍላችሁ ብትጀምሩ ይሻላል።

ግራ እግሬ አሁን 20 ገብቷል፣ ባለፈው እሁድ 16 ኪሎሜትር ስሮጥ ባቴ ትዝም አላለኝ።