የክር ማቅለሚያ ፍሳሽ፦ አልሙኒየም ሰልፌት ወይስ የቆረቆንዳ ካርቦን?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ክር የሚያቀልም ሰው ባለቀለሙን ውሃ ከመድፋቱ በፊት የሚያጠራበት ሁለት መንገድ አለው።

አንዱ አልሙኒየም ሰልፌት የሚባለው ውሃ ማጥሪያ ጨው ነው። ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ቆሻሻው እየተጓጎለ ይዘቅጣል። ፈጣን ነው። ግን ለጥጥ የሚሆኑት ሪአክቲቭ ቀለሞች (ከክሩ ጋር በኬሚካል የሚጣመሩት) ውሃው ውስጥ ሟሙተው ስለሚቀሩ ብዙ ጊዜ ያመልጡታል። ዝቃጩም ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ከተክል የሚሠራ አክቲቬትድ ካርቦን (ቀለም እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ ከሰል) ነው። እኔ የማደላው ወደዚህ ነው። ቡሬ አካባቢ በቆሎ ከተፈለፈለ በኋላ ቆረቆንዳ ሞልቷል፤ እንጅባራ ደግሞ ቀርከሃ አለ። ቆረቆንዳው ይፈጫል፣ በፎስፈሪክ አሲድ ይዘፈዘፋል፣ አየር በማይገባበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቃጠላል። ከዚያ አሲዱ እስኪለቅ ይታጠባል። (እጣቢውን አሲዱን በኖራ ሳያበርዱ መድፋት ነውር ነው።) የሚገኘው ጥቁር ዱቄት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ጥሩ ከሆነ የ1 ግራሙ ገጽ ስፋት ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ቀለሙ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ተራ የማገዶ ከሰል ይህን ያህል አይዝም፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

ችግሩ፣ ካርቦኑ ይጠግባል፤ ቀዳዳዎቹ በቀለም ሲሞሉ ሌላ አይዝም። ስለዚህ ፍሳሹ በጣም ከደፈረሰ መጀመሪያ በአልሙኒየም ሰልፌት ማቅለል፣ የተረፈውን በካርቦን ማሳለፍ ያዋጣል። የጠገበውን ካርቦን ግን ወንዝ ዳር አትጣሉት፤ ቀለሙ አሁንም ውስጡ ነው።