ቻይልድማይንደር ስትይዙ፦ የተርም ብቻ ይሻላል ወይስ የዓመት ኮንትራት?

እንግሊዝ አገር ቻይልድማይንደር (ልጆችን ቤቷ ውስጥ በክፍያ የምትጠብቅ ሴት) የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "በሰዓት ስንት ነው?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን አይበቃም። ሁለት ቻይልድማይንደሮች በሰዓት እኩል 7 ፓውንድ ጠርተው፣ ዓመቱ ሲያልቅ የከፈላችሁት በብዙ መቶ ፓውንድ ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው።

ተማሪ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዓመት 190 ቀን፣ ማለትም 38 ሳምንት ነው። ዕረፍቱ 13 ሳምንት ገደማ ይሆናል፦ ሰመር ላይ ስድስት፣ ገናና ፋሲካ ላይ ሁለት ሁለት፣ ሦስቱ ሃፍ ተርም (በየተርሙ፣ ማለትም በየትምህርት ወቅቱ መሃል ያለው አጭር ዕረፍት) አንድ አንድ። መምህራን ብቻ የሚገቡባቸው አምስት ኢንሴት ቀኖችም አሉ። የሠራተኛ የዓመት ፈቃድ በሕግ ዝቅተኛው 5.6 ሳምንት ነው። ባልና ሚስት ተቀያይረው ቢወስዱት እንኳ 13ቱን አይሞላም።

በቁጥር እንየው። ልጅቷ 6 ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ በቀን 3 ሰዓት ትቆያለች፤ ዋጋው ለምሳሌ ያህል በሰዓት 7 ፓውንድ ይሁን።

በተርም ብቻ ኮንትራት፣ ማለትም ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን ብቻ፣ በሳምንት 105 ፓውንድ፣ በ38 ሳምንት 3,990 ፓውንድ ትከፍላላችሁ። ዕረፍት ላይ ሂሳብ የለም፤ ቦታም ግን የለም። ቻይልድማይንደር በአንድ ጊዜ መያዝ የምትችለው ከ8 ዓመት በታች ስድስት ልጆች ብቻ ነው፤ ከእነሱም አምስት ዓመት ያልሞላቸው ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። "ሰመር ሲደርስ እንነጋገራለን" ብላችሁ ከተዋችሁት፣ ያን ጊዜ ቦታው በሌላ ሰው ልጅ ተይዞ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የዓመት ኮንትራት ላይ ከ13ቱ ሳምንት ስምንቱን ሙሉ ቀን ትይዛለች እንበል፤ አምስቱን በፈቃዳችሁ ትሸፍናላችሁ። ሙሉ ቀን 10 ሰዓት ከሆነ ሳምንቱ 350 ፓውንድ፣ ስምንቱ 2,800 ፓውንድ ነው። ከተርሙ 3,990 ጋር ድምሩ 6,790፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 566 ገደማ። ሰመር ላይ ድንገት የሚከመር ሂሳብ አይኖርም። ለደመወዝተኛ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሪቴይነር ይባላል። ልጁ ባይመጣም ቦታው እንዳይሄድ የሚከፈል ነው፤ ብዙ ጊዜ የክፍያው ግማሽ ይሆናል። በእኛ ምሳሌ 52.50 ፓውንድ በ13 ሳምንት 682.50 ይመጣል። አንድም ሰዓት ሳይጠበቅላችሁ ማለት ነው። እኔ ይሄን ለዓመቱ ዕረፍት ሁሉ መቀበል አይታየኝም። ለሰመሩ ስድስት ሳምንት ብቻ ከሆነ ግን 315 ፓውንድ ነው፤ ክረምቱን አገር ቤት አያቶቹ ጋ ለሚሄድ ልጅ ያዋጣል።

የትኛው ለማን? ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሠሩ፣ ኩሽናም ይሁን ረዳት መምህርነት፣ የተርም ብቻውን ያዙ፤ ሌላው ትርፍ ወጪ ነው። ሆስፒታል ወይም ኬር ሆም በሺፍት የምትሠሩ ደግሞ ርካሹ አያታልላችሁ። የልጅ ማቆያ ፍለጋ በየሃፍ ተርሙ መሯሯጥ ሥራም ጤናም ይበላል። የዓመቱን ያዙ።

ሂሳቡን ከመንግሥት ድጋፍ ጋር አዳምሩት። ታክስ ፍሪ ቻይልድኬር በሚባለው የመንግሥት የልጅ ማቆያ ድጋፍ እናንተ 8 ፓውንድ ስታስገቡ መንግሥት 2 ይጨምራል፤ ጣሪያው ለአንድ ልጅ በዓመት 2,000 ነው። ከላይ ካለው 6,790 ውስጥ 1,358 ፓውንድ ከመንግሥት ይመጣል። ቻይልድማይንደሯ የተመዘገበች መሆን አለባት። የተመዘገበ ሆሊዴይ ክለብም (የዕረፍት ጊዜ የልጆች ማቆያ) በዚሁ ድጋፍ መክፈል ይቻላል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) ላይ ያላችሁ ከማቆያ ወጪያችሁ እስከ 85 በመቶ ሊመለስላችሁ ይችላል፤ ይሄንና ታክስ ፍሪ ቻይልድኬርን አንድ ላይ መውሰድ ግን አይቻልም። ትምህርት ቤት ያልጀመረ ልጅ ካላችሁና በሳምንት 30 ሰዓት የልጅ ማቆያ በመንግሥት ወጪ የሚሰጠው ድጋፍ ከደረሳችሁ፣ እሱ የተሰላው ለ38 ሳምንት ነው። በ52 ሳምንት ሲዘረጋ በሳምንት 22 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እንዲህ የማይዘረጉ ቻይልድማይንደሮች ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ሆኖ ልጁ ነፃ የትምህርት ቤት ምሳ የሚያገኝ ከሆነ ካውንስላችሁን ስለ ኤች ኤ ኤፍ ጠይቁ። ፋሲካ፣ ሰመርና ገና ላይ ምግብ ያለው ነፃ የልጆች ፕሮግራም ነው። ይሄን ሳያውቁ በየሳምንቱ የሚከፍሉ ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል።

ቻይልድማይንደሯ ሐበሻ ከሆነች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። በ2027 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 28 ሲሆን የእኛ ሜይ 2 ነው፤ ስቅለት ኤፕሪል 30፣ ዓርብ ቀን ይውላል። እሷ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ይውላል፣ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ። በእነዚህ ቀኖችና በራሷ ፈቃድ ጊዜ ስትዘጋ ክፍያው ይቆም እንደሆነ፣ ከነቀኖቹ ስም ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ።