አሮጌ ፖርታብል ኮምፒውተር ለሰብሳቢ የምትሸጡ፣ ውስጡን ፎቶ ሳታነሱ እንዳትልኩ!

ሰላም ወገን፣ እኔ የተሸወድኩት ይበቃል ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

አባቴ በፈረንጆቹ 1984 የገዛው ኮምፓክ ፖርታብል ነበረን፣ ያቺ የልብስ ስፌት መኪና የምትመስለው፣ ኪቦርዱ እንደ ክዳን ፊቷ ላይ የሚገጠምላት፣ ስትከፍቷት ባለ 9 ኢንች አረንጓዴ ስክሪን ከጎኑ ደግሞ ፍሎፒ (የድሮ ዲስክ ማንበቢያ) ያላት። ፖርታብል ይሏታል እንጂ ወደ 13 ኪሎ ነው የምትመዝነው፣ አባቴ ከቢሮ ይዟት ሲመጣ አንድ ትከሻው ወርዶ ነበር የሚገባው። ልጥላት ስል አንድ ጓደኛዬ አብደሃል እንዴ ሰብሳቢዎች ይፈልጓታል አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ኮምፓክ በ1983 ለገበያ ያወጣት የመጀመሪያ ማሽኑ ናት፣ የአይቢኤም ፒሲ ሶፍትዌር እንዳለ የሚሰራባት።

ኦንላይን ለጠፍኳት፣ አንድ ሰውዬ መጣ፣ ጨዋ፣ ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ። እኔም ሳልደብቅ ነገርኩት፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ዶስ (የዛን ጊዜው ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ከፍሎፒ ይነሳል፣ ኪቦርዱ ላይ ግን አብዛኛው ቁልፍ አይሰራም አልኩት። "እንደዛ ከሆነማ ለመለዋወጫ ነው የምወስዳት" ብሎ ዋጋውን በግማሽ አወረደው፣ እኔም ሞኙ እሺ አልኩ። በኋላ ሳጣራ ለካ እያንዳንዱ ቁልፍ ስር ፎይል የተለጠፈባት ክብ ስፖንጅ አለች፣ እሷ በእድሜ ብዛት ትፈረፈራለች፣ የዚህ ሞዴል ኪቦርድ የታወቀ በሽታ ነው፣ ምትኳ ለብቻዋ ይሸጣል፣ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መቀየር ነው በቃ። ሰውዬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ደግሞ "እንዳትከፍታት፣ ታበላሻታለህ" ብሎ ሁለት ሶስቴ አስጠነቀቀኝ። ያኔ ለኔ አስቦ መስሎኝ ነበር።

ጠቅልዬ ላክሁ። ከደረሰው ከአስር ቀን በኋላ "አትነሳም፣ ብሬን" ብሎ አመለከተ፣ የምንገበያይበት ድርጅትም ወዲያው ለሱ ፈረደለትና ማሽኗ ተመለሰች። ማብሪያውን ብጫነው ድምጽ የለ ምን የለ። ያን ጊዜ ነው ካቻቢቴ ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኳት፣ ገና ብሎኖቹን ሳይ ጭንቅላታቸው በቅርቡ ተፍቆ ያብረቀርቃል። ውስጥ ያሉት ቺፖች ጀርባቸው ላይ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ ሁለቱ ዓመቱ ሁለቱ ሳምንቱ ነው፣ የማዘርቦርዱ (የዋናው ቦርድ) ቺፖች ደግሞ 8539 ይላሉ፣ የ1985 ሰላሳ ዘጠነኛ ሳምንት ማለት ነው። አባቴ በ1984 የገዛት፣ ለጥገና እንኳን ተከፍታ የማታውቅ ማሽን ውስጥ የ1985 ቺፕ ምን ይሰራል? የሱን የሞተ ቦርድ አስታቅፎኝ የኔን ደህናውን ወስዷል፣ ገንዘቡም ተመልሶለታል።

አቤት ስል "ከመላክህ በፊት ያነሳኸው የቦርዱ ፎቶ አለህ?" አሉኝ። እኔ ያነሳሁት ስክሪኑን፣ እጀታውን፣ ምናምን፣ ሲሪያል ቁጥሩንም አንስቻለሁ ግን እሱ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ የኔው ነው፣ ምን ብዬ ልከራከር።

ስለዚህ ገዢው ምንም ይበል፣ ከመብራት ነቅላችሁ ክፈቷት፣ ማዘርቦርዱን፣ ካርዶቹን፣ ፍሎፒዎቹን ቁጥራቸው እስኪነበብ ድረስ ቀርባችሁ አንሱ። ስክሪኑ ኋላ ያለውን ቱቦና ወደሱ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ግን እንዳትነኩ፣ ከተነቀለም በኋላ ኃይለኛ ቮልቴጅ ይይዛል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ብሎኖቹ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉና እሱንም አንሱ፣ ከተከፈተ ይሰነጠቃል። ስትነሳ የሚያሳየውንና ስትታሸግ ያለውን ሳታቋርጡ በአንድ ቪዲዮ ቅረጹት። ከተቻለ ደግሞ በአካል መጥቶ ፊታችሁ አብርቶ አይቶ ይውሰድ፣ 13 ኪሎ የመስታወት ቱቦ ያለበት ዕቃ በፖስታ መላክ በራሱ ጣጣ ነው። ኪቦርዱ ሞቷል እያለ ዋጋ የሚሰብር ካጋጠማችሁ ስለ ስፖንጁ ጠይቁት፣ አመላለሱን ታዩታላችሁ።

እኔ በእልህ ስፖንጆቹን አስመጥቼ ቀየርኳቸው። አሁን ሁሉም ቁልፍ የሚሰራ ኪቦርድ አለኝ፣ የምሰካው ማሽን ግን አይነሳም። የዚህ ሞዴል ደህና ማዘርቦርድ ያለው ሰው ካለ በውስጥ ያናግረኝ፣ ከነቺፖቹ ፎቶ።