ፓስወርዴን ለማየት እምቢ ላለው ልጅ

ድረ ገጼን ለሠራልኝ ልጅ ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ዛሬ ነገ ስል ድረ ገጼ ዓመት ሞላው። ትናንት «የድረ ገጽ አድራሻዎ የዓመት ክፍያ ደርሷል» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። በራሴ ኢሜይል፣ በራሴ ስም። ለሌላው ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የምኖረው ደሴ ነው። የፈትል ልብስ እሸጣለሁ፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታ፣ ሲታዘዝ ደግሞ ቡሉኮ። ከጦሳ ሥር ለሚኖር ሰው ጋቢ መሸጥ አይከብድም፣ ብርዱ ራሱ ያሻሽጥልኛል። የሚያስቸግረኝ የሩቁ ደንበኛ ነው። አዲስ አበባ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ውጭ አገር ሆኖ ለእናቱ የሚያዘው። ለእነሱ ለዓመታት የቴሌግራም ቻናል ነበረኝ። ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ሰው «ስንት ነው?» ይላል፣ እኔ «ኢንቦክስ» እላለሁ። ራሴ ስገዛ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉትን አልወድም። ስሸጥ ግን ያንኑ አደርግ ነበር። ጋቢው ስንት እጥፍ ነው? አራት። ነጠላውስ? ሁለት። ሲታጠብ ይጠባል? ትንሽ። ይህን እየደጋገምኩ ስጽፍ ሌሊቱ ይጋመሳል።

በነሐሴ 2015 የክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ቻናሉ ለወራት ዝም አለ። ስመለስ ግማሹ ደንበኛ ሌላ ቤት ለምዶ ጠበቀኝ።

ከዚያ በፊት አንድ ሰው ድረ ገጽ ሠርቶልኝ ነበር። ማን እንደሆነ አልጽፍም፣ አልፏል። ሥራው ሲታይ ያምር ነበር። ዓመት ሲሞላው ተዘጋ። አድራሻው ለካ የተመዘገበው በእሱ ስም፣ በእሱ ኢሜይል ነው። ስልኩ አይነሳም። እኔ ደግሞ አድራሻውን የያዘ 300 ቢዝነስ ካርድ አሳትሜ ነበር። አሁን እናቴ ከጀርባው የወተት ሒሳብ ትጽፍበታለች።

ስለዚህ በጥቅምት 2017 ጎረቤቴ «ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፣ ድረ ገጽም ይሠራል» ስትለኝ ደስ አላለኝም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣ ልጅ ነው። ጥግ ጥጉ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ይዞ ቤታችን መጣ። እናቴ ቡና አፈላች።

ቀለም ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ያኛው መጀመሪያ የጠየቀኝ ቀለም ነው። ይህ ግን ሲኒውን እንደያዘ «እህቴ፣ ደንበኛሽ በምንድን ነው የሚከፍልሽ?» አለኝ። ቴሌብር ነው፣ ባንክ ነው አልኩት። «ኔትወርክ ሲጠፋ ትዕዛዝ ማን ያይልሻል?» ማንም። «በየወሩ ዶላር ከየት ታገኛለሽ?» እዚህ ላይ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ከደብተሩ አንድ ወረቀት ገነጠለ።

እኔ ልቤ ሾፒፋይ ላይ ነበር፣ በወር ክፍያ የኢንተርኔት ሱቅ የሚከፈትበት የውጭ አገልግሎት ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ «እሱን ክፈቺ፣ ካርዴን እሰጥሻለሁ» ብላኝ ነበር። ልጁ ሾፒፋይን አላጣጣለውም። እንዲያውም ለሱቅ ከተሠሩት ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው አለኝ፤ ዕቃ መቁጠሩም፣ ትዕዛዝ መከታተሉም አብሮ ይመጣል። ከዚያ ሒሳቡን ጻፈው። ያኔ ስናየው የመነሻው ክፍያ በወር 39 ዶላር ነው። ዶላሩ 57 ብር በነበረ ጊዜ 2,200 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ4,000 ብር በላይ ሆነ። አንድም ጋቢ ሳልሸጥ። የሾፒፋይ የራሱ መክፈያ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ሌላ መክፈያ ስታያይዢበት ከያንዳንዱ ሽያጭ ላይ በመነሻው ክፍያ 2 በመቶ ይቆርጣል። «የአክስትሽ ልጅ ካርዷን ብትቀይርስ?» አለኝ። ሱቄ ይዘጋል ማለት ነው። ሌላ ሰው እጅ ላይ ያለ ሱቅ እንዴት እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

ዊክስ ስለሚባለው ድረ ገጽ መሥሪያ ጠየቅኩት፣ ማስታወቂያው ስልኬ ላይ ሲመላለስ ስለነበር። «ያምራል» አለ። ፎቶውን በጣትሽ ጎትተሽ የፈለግሽበት ታስቀምጫለሽ። ነፃው ላይ ግን የእነሱ ማስታወቂያ ይለጠፍብሻል፣ አድራሻሽም በእነሱ ስም ሥር ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቀን ልውጣ ብትዪ የሠራሽውን ገጽ አንስተሽ ሌላ ቦታ መትከል አትችዪም። ከዜሮ መጀመር ነው። ይህን ሲል እናቴ ከጀበናው አጠገብ ቀና አለች። «እና ሸማውን ሸምነሽ ስትጨርሺ ከዕቃው አይወርድም ማለት ነው?» ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ እንደዚያ ነው» አላት።

የገረመኝ የጉግልን ድረ ገጽ መሥሪያ፣ ጉግል ሳይትስን፣ ማንሳቱ ነው። ነፃ ነው፣ ማንም ከፍቶ ይሠራዋል፣ ለልጁ ሳንቲም አያስገኝለትም። «ዕቃሽን ማሳየትና ስልክሽን ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው እሱ ይበቃሻል፣ እኔም አላስፈልግሽም» አለኝ። የዕቃ መሰብሰቢያ ቅርጫትና መክፈያ ግን የለውም። እኔ ደግሞ የሰለቸኝ ያ ኢንቦክስ ነው።

በመጨረሻ ወርድፕረስ ላይ አረፍን። ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው፤ 2003 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዎኮሜርስ የሚባለውን ስትጨምሩበት ሱቅ ይሆናል፣ ብርንም ያውቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፣ እኔም ተደናግሬ ነበር። ወርድፕረስ ሁለት ነው። አንዱ በወርና በዓመት እያስከፈለ ገጻችሁን እሱ ጋ የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት ነው። ሌላው ሶፍትዌሩ ራሱ ነው፤ አውርዳችሁ የፈለጋችሁት ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ላይ ትጭኑታላችሁ። እኛ ሁለተኛውን ወሰድን። ሆስቲንጉንና አድራሻውን እዚሁ አገር በብር ከሚያስከፍሉት ገዛን፣ በዓመት አንዴ።

ነፃ ነው ሲባል ግን ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ይህን ሳይደብቅ ነገረኝ። ሾፒፋይ ላይ እነሱ የሚሠሩልሽን እዚህ አንቺ ትሠሪዋለሽ አለ። በየጊዜው ማደስ አለ፣ ቅጂ ማስቀመጥ አለ፣ ሰብሮ የሚገባ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አሥር ደቂቃ ይወስድብኛል። ሁለት ጊዜ ረስቼው አንዴ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ደንግጬ ደወልኩ። «አብሽሪ» አለኝ፣ ባለፈው ሳምንት ቅጂ መለሰው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። አድራሻውን የምንመዘግብ ዕለት ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። ስም የሚለው ላይ የእኔን፣ ኢሜይል የሚለው ላይ የእኔን አጻፈኝ። ስልክም የእኔን። ፓስወርድ ጋ ስደርስ ተነሳ። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። «ማየት ትችላለህ፣ ምን ችግር አለው?» አልኩት። «አልፈልግም» አለ፣ ሳይዞር። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩ። እሱ ውጭ የሚያልፈውን ባጃጅ እያየ ጠበቀኝ። ከዚያ ደብተር ላይ አስጻፈኝ፤ አድራሻው የት እንደተገዛ፣ ሆስቲንጉ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል። ደብተሩ አሁን እናቴ ሙዳይ ውስጥ ነው፣ ከቤቱ ካርታ ጋር። ለራሱ የተለየ መግቢያ ከፈተ፣ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ «አጥፊው» ብሎ በእኔው እጅ አስጠፋኝ።

ለመክፈያው ቻፓ የሚባለውን የአገር ውስጥ የኢንተርኔት መክፈያ አያያዝን፣ ለዎኮሜርስ የተዘጋጀ ማያያዣ አለው። ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ይጠይቃሉ፣ ያንን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ደንበኛው ቴሌብሩን መርጦ ይከፍላል፣ ብሩ ሒሳቤ ውስጥ ይገባል። የውጭውን መክፈያ፣ ፔይፓልን፣ አስቤ ነበር፣ ግን ኢትዮጵያ ያለ ሰው በፔይፓል ገንዘብ መቀበል አይችልም። የውጭዎቹ ደንበኞቼ አብዛኞቹ እዚህ ላለች እናት ወይ አክስት ነው የሚያዙት፤ ገጹ ላይ ይመርጣሉ፣ እዚህ ያለ ዘመድ ይከፍላል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ ላለው፣ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ «የሱቅ አስተዳዳሪ» የሚል መግቢያ ከፈተላት። ትዕዛዝ ታያለች፣ ለደንበኛ ትመልሳለች፣ የገጹን ሶፍትዌር ግን መጫንም ሆነ ማጥፋት አትችልም። እህቴን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትንንሹን ነገር ልጨምር፣ ሰው የሚያማርረው እዚያ ላይ ስለሆነ። መጀመሪያ የጫንኩት ዕቃ «ባለ ቀይ ጥለት ጋቢ» ይላል። ሊንኩን ለአክስቴ በቴሌግራም ስልክላት ግማሽ ገጽ ሙሉ የመቶኛ ምልክትና ቁጥር ሆኖ ደረሳት። «ይሄ ምን ድግምት ነው የላክሽብኝ?» ብላ ደወለች። ልጁ አሳየኝ። የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። የዕቃው ስም በአማርኛ ይሁን፣ የሊንኩን ስም ግን ለብቻው በላቲን አጭር አድርጊው አለኝ። አሁን አንድ መስመር አይሞላም።

ማዘዣው ቅጽ ደግሞ ዚፕ ኮድ ይጠይቅ ነበር። ደሴ ላይ ዚፕ ኮድ! አነሳውና «ሰፈር» እና «ከምን አጠገብ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አስገባ። ቧንቧ ውሃ፣ ከመስጊዱ ጀርባ። ሆጤ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። ሰው እንዲህ ነው አድራሻ የሚናገረው።

ፎቶዎቼን ሲያይ ዝም አለ። ነጭ ጋቢ ነጭ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አንስቼ ነበር፤ ጥለቱ ብቻ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። የእናቴን ጥቁር የእንጨት ሳጥን ወደ መስኮት ጎትተን ጋቢውን ላዩ ላይ አጠፍነው። ጠዋት ነበር፣ ብርሃኑ በጎን ይገባል። የፈትሉ ጉርብጥብጥ ሳይቀር ወጣ። ከዚያ አራት ሜጋ ባይት የነበረውን ፎቶ ከ200 ኪሎ ባይት በታች አወረደውና የራሱ አሮጌ ስልክ ላይ ከፈተው፣ በሞባይል ዳታ። «ደንበኛሽ ያለው እዚህ ላይ ነው እንጂ ላፕቶፕ ላይ አይደለም።»

እንከኑን ሳልናገር ብቀር ጥቆማዬ ጎደሎ ይሆናል። ካለው ቀን ሁለት ሳምንት አሳልፏል። መብራት ነው አለ፤ ግማሹ እውነት ነው። ቀለም ላይ ጎበዝ አይደለም፣ የመጀመሪያው ገጽ የባንክ ቅጽ ይመስል ነበር፣ እኔና እህቴ ነን ያስተካከልነው። ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሳም። ግማሹን ክፍያ ሲጀምር ወሰደ። ሌላውን ግማሽ ግን ገጹ ሲያልቅ ብሰጠው እምቢ አለ። «ሦስት ዕቃ ያለ እኔ ስትጭኚ ትሰጪኛለሽ» አለ። አራተኛውን ስጭን ወሰደ።

መክፈያው ይሠራ እንደሆነ መሞከር ነበረብን። እኔ አሥር ብር የሚያወጣ የውሸት ዕቃ እናስገባ ስል እሱ ስልኩን አወጣና አንድ ጋቢ አዘዘ። በሙሉ ዋጋው፣ በቴሌብር። ስልኬ ጮኸ። «ከምን አጠገብ» የሚለው ላይ የእናቱን ቤት ጽፏል። ቅናሽ ላደርግለት ብለምነው ሒሳቡ ይበላሻል አለ። ትዕዛዝ ቁጥር አንድ እስከ ዛሬ የእሱ ነው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አታውጪ ስላለኝ አላወጣሁም፤ ሥራ በዝቶበታል፣ ብቻውንም ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ትንሽ ሱቅ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ይቅርታ፣ ይሄ የግድ በኢንቦክስ ነው። ዓርብ ከሰዓት አትቅጠሩት፣ ጁምዓ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጠብቁት። ፓስወርዳችሁን ልንገርህ ብትሉትም ወደ መስኮቱ ይሄዳል።