የዩሲኤልኤ የፊልም ትምህርት ቤት በተመራቂዎቹ ሥራ ሲመዘን

የፊልም ትምህርት ቤት በካሜራው ብዛት ወይም በደረጃ ሰንጠረዥ ሲመረጥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕድሜ ይባክናል። ካሜራ በቀን ኪራይ ይገኛል። ትምህርት ቤት ሲመረጥ መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ተማሪዎቹ እዚያው ሳሉ የሠሩት ፊልም ከዓመታት በኋላም ይታያል ወይ? አብረው የተማሩትስ ከተመረቁ በኋላ አብረው ይሠራሉ ወይ? በዚህ ሚዛን ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም ዩሲኤልኤ የሚለው፣ በ1970ዎቹ ያፈራቸውን ተማሪዎች የሚስተካከል በቀላሉ አይገኝም። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጎንደር የሄዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የተማሩት፣ ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤልም ለአሥርት ዓመታት ያስተማሩት እዚያ ነው።

ያ የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ትውልድ በኋላ “ኤል ኤ ሪቤሊየን” (የሎስ አንጀለስ አመፅ) የሚል ስም ወጣለት። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክ፣ ቢሊ ውድቤሪ፣ ጀማ ፋናካ፣ ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪክያና አይና ሁሉም ከዚያ ክፍል የወጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከሰጣቸው ነገር ሁሉ በጣም የጠቀማቸው “ፕሮጀክት ዋን” የሚባለው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ተማሪው ገና እንደገባ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ ኤዲት አድርጎ አጭር ፊልም እንዲያቀርብ ይጠየቃል። የኃይሌ የ1971 ሥራ “አወር ግላስ” እንዲህ የተሠራ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንዴ ካሜራ ይዞ፣ አንዴ የራሱን ጥሬ ቀረጻ ኤዲት ለማድረግ ተቀምጦ የተቸገረ ሰው በኋላ ሲመራ ካሜራ ባለሙያውን የማይሆን ነገር አይጠይቅም። ከተዋናይ ፊት ወደ እጅ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ቀረጻ ሲጎድልም እዚያው ቦታው ላይ ያውቀዋል። ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረው “አንተ ዳይሬክተር፣ አንቺ ፕሮዲዩሰር” ብለው ይከፋፍላሉ። ያ ለተማሪው ይቀላል፣ ሥራው ላይ ግን ጉድለቱ ይታያል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የክፍል ጓደኛ ነው። የኃይሌ የመመረቂያ ፊልም “ቡሽ ማማ” (1975) ላይ ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው። ፊልሙ የሚከፈተው ፖሊሶች የፊልም ሠራተኞቹን አስቁመው ሲፈትሹ በሚያሳይ ቀረጻ ነው፤ ያ ትወና አይደለም፣ የእውነት የደረሰባቸው ነው። ካሜራው ዝግጁ ባይሆን፣ የያዘውም ሰው ምን እንደሚፈለግ ባያውቅ ያ መክፈቻ አይኖርም ነበር። በርኔት ደግሞ ለቢሊ ውድቤሪ “ብለስ ዜር ሊትል ሃርትስ” (1984) ስክሪፕቱን ጽፎ፣ ካሜራውንም ይዞ ሠርቷል። የ“ቡሽ ማማ” ዋና ተዋናይት ባርባራ ኦ በጁሊ ዳሽ ፊልም ውስጥ ተመልሳ ትታያለች። ትምህርት ቤት ሲጎበኝ ከአስተዳደሩ ጋር ከመነጋገር ይልቅ የአምስት ተማሪ ፊልሞችን የመዝጊያ ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይሻላል። ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው ስሞቹ በተለያየ ሙያ እየተመላለሱ ከመጡ ክፍሉ ሕያው ነው። ሁሉም ከውጭ በተቀጠረ ሠራተኛ የተሠራ ከሆነ የሚገዛው ዲፕሎማ ብቻ ነው።

“ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” (1976) ለብቻው መነሳት ይገባዋል። ኃይሌ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ጥቂት ሠራተኛ ይዘው ወደ አገር ቤት ገብተው፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሳምንታት ውስጥ ቀርጸውታል። ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ሙዚቃው የተስፋዬ ለማ ነው። በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸልሟል፣ ኋላም ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል። ቴክኒኩን ለሚያጠና ሰው ትምህርቱ ርቀቱ ላይ ነው። ካሜራው ከገበሬው ርቆ ይቆማል፣ ሰውየው ማሳውን እስኪያቋርጥ ይጠብቃል፣ ሳይቆርጥ ይቆያል። ጥቅልል ፊልም ውድ በሆነበት ጊዜ ይህን ያህል መታገሥ ድፍረት ይጠይቃል። ባለ 400 ጫማ የ16 ሚሊሜትር ጥቅልል በሴኮንድ 24 ምስል ሲቀረጽ 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። የ80 ደቂቃ ፊልም አራት እጥፍ ተቀርጾ ይሠራ ቢባል እንኳ 29 ያህል ጥቅልል ይፈልጋል፤ ዲጂታል ላይ የለመደ ሰው ደግሞ ሠላሳና አርባ እጥፍ ይቀርጻል። ስለዚህ ዛሬም በዲጂታል ለሚሠራ ተማሪ ልምምዱ ጠቃሚ ነው፦ ለእያንዳንዱ ትዕይንት የደቂቃ ጣሪያ አስቀምጦ፣ ከዚያ ሳያልፍ መቅረጽ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የበርኔት “ኪለር ኦፍ ሺፕ” በ1977 የቀረበ የመመረቂያ ሥራ ነው። ዋትስ በተባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር፣ አብዛኛው ቅዳሜና እሑድ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ተቀረጸ። በ1990 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ። ሲኒማ ቤት በወጉ የተከፈተው ግን በ2007 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየው በሙዚቃ ምክንያት ነው። ፊልሙ ውስጥ ዳይና ዋሽንግተን፣ ፖል ሮብሰንና ሌሎችም ይሰማሉ፤ ለመመረቂያ ሥራ ማንም ፈቃድ አልጠየቀበትም። በመጨረሻ ለሙዚቃው መብት የተከፈለው 150,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ፊልሙ ራሱ ከፈጀው ከአሥር እጥፍ በላይ። እንዲያም ሆኖ የአንዱ ዘፈን ፈቃድ ሳይገኝ ቀርቶ በ2007ቱ ዝግጅት በሌላ ተተካ።

ይህን ትምህርት ቤቱ ማስተማር ነበረበት፤ ዛሬም ብዙ ትምህርት ቤት በሚገባ አያስተምረውም። አንድ የተቀረጸ ዘፈን ፊልም ውስጥ ሲገባ ቢያንስ ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል፦ አንዱ የግጥሙና የዜማው፣ ሌላው የተቀረጸው ድምፅ። በእኛ አገር ችግሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ገጣሚው አንድ ሰው፣ ዜማ ደራሲው ሌላ፣ ድምፃዊው ሌላ፣ ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የደራሲው መብት፣ የከዋኙና የድምፅ ቅጂ አሳታሚው መብት ለየብቻ የቆሙ ናቸው፤ ስለዚህ ድምፃዊው በስልክ “ተጠቀምበት” ስላለ ጉዳዩ አያልቅም። ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ቢሄድ ይመረጣል፦ ዘፈኑ ስክሪፕት ላይ እንደተጻፈ ባለቤቶቹን ለይቶ ዋጋ መጠየቅ፤ ካልተቻለ ኤዲት ከመጀመሩ በፊት ትዕይንቱን በሌላ ሙዚቃ ማሰብ፤ ከተቻለ “ለፌስቲቫል ብቻ” የሚለውን ርካሽ ፈቃድ ሲፈርሙ ወደ ሙሉ ፈቃድ የሚያሳድገው ዋጋ እዚያው ውል ላይ እንዲጻፍ ማድረግ። ፊልሙ ከታወቀ በኋላ የተጠየቀ ዋጋ ሁልጊዜ ይወደዳል። የመጨረሻው ድምፅ ሲቀላቀልም ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ተለያይተው በየራሳቸው ፋይል ይቀመጡ። አንድ ላይ ተደባልቆ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ዘፈን መቀየር ካስፈለገ በዘፈኑ ላይ ያለው ንግግር አብሮ ይጠፋል።

የመብት ጉዳይ ሙዚቃ ላይ አይቆምም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እዚያው ከተማ ካለው ሌላ ትምህርት ቤት፣ ከዩኤስሲ (የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ)፣ የወጣ ነው። ፊልሙ “ድፍረት” በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ክርክሩ ታሪኩ የተወሰደባትን ሴት መብት የሚመለከት ነበር። በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ፊልም የሚያስብ ሰው የባለታሪኩን የጽሑፍ ስምምነት ከስክሪፕቱ የመጀመሪያ ረቂቅ በፊት ይያዝ። ስምምነቱም ባለታሪኩ በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ።

ከውበት አንፃር የዚህ ትምህርት ቤት ትልቁ ውጤት የጁሊ ዳሽ “ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት” (1991) ነው ማለት ይቻላል። በአፍሪካ አሜሪካዊት ሴት ተሠርቶ በመላው አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተከፈተ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፤ ወጪው 800,000 ዶላር ገደማ ነበር። ካሜራውን የያዘው አርተር ጃፋ በሰንዳንስ ተሸልሞበታል። ጃፋ ጥቁር ቆዳ ጥላ ውስጥ ዝርዝሩን እንዳያጣ ሲል በኮዳክ ፈንታ የአግፋ ፊልም መረጠ፤ የቀረጹትም በአብዛኛው በፀሐይ ብርሃን ነው። ዛሬ በዲጂታል የሚሠራ ሰው ከዚህ የሚወስደው አለ። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ጨለመ ብሎ የምስሉን ብርሃን በሙሉ ከፍ ማድረግ ግድግዳውንና ነጠላውን ያቃጥላል እንጂ ፊቱን አያድነውም። ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ወይም ትንሽ ከኋላ ቢመጣ ቆዳው ራሱ ያንጸባርቃል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ነጭ ሰሌዳ ብቻ ይበቃል። ነጭ ልብስ የለበሰ ተዋናይ ካለ ደግሞ የብርሃን መለኪያው ልብሱ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ይነበብ።

ጃፋ የመጣው ከዩሲኤልኤ አይደለም፤ የዋሽንግተኑ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ክርክሩም እዚህ ላይ ይጠነክራል። ኃይሌ በ1975 ሃዋርድ ማስተማር ጀምረው ከአርባ ዓመት በላይ ቆዩ፤ አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር አብይ ፎርድም እዚያው አስተምረዋል፣ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰዋል። ከሃዋርድ የወጣው ብራድፎርድ ያንግ “አራይቫል” በተባለው ፊልም በ2017 ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ሲኒማቶግራፈር (የካሜራና የብርሃን ባለሙያ) ሆነ። ሌላው ሲኒማቶግራፈር ማሊክ ሰኢድም የሃዋርድ ተመራቂ ነው። እነዚህ ሰዎች ብርሃንን የሚያዩበት መንገድ ዘር ይቆጠርለታል፤ የሎስ አንጀለሱ ክፍል ሌላ ክፍል ወልዷል። ለሲኒማቶግራፊ ብቻ የሚማር ሰው ቢጠይቅ ከሁለቱ የሃዋርድ መንገድ ይሻለዋል።

ሥርጭት ላይ ትምህርት ቤቱ ምንም አልረዳቸውም ማለት ይቻላል። ኃይሌና ሺሪክያና በ1982 የራሳቸውን አከፋፋይ ድርጅት፣ ማይፈዱህ ፊልምስን፣ አቋቋሙ። የኃይሌ ፊልም “ሳንኮፋ” በ1993 ሲወጣ ትልልቆቹ አከፋፋዮች አልፈለጉትም፤ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት። ይህ መንገድ ዛሬም ይሠራል፣ ግን ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል። የአዳራሹ ኪራይ አስቀድሞ ይከፈላል፣ የቲኬቱ ገቢ ሙሉ ለባለ ፊልሙ ነው፣ ኪሳራውም የእሱ ነው። የሚያከስረው ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያው ዘግይቶ መጀመሩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕድሩና የሐበሻ ሬዲዮው ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ካልተነገራቸው አዳራሹ አይሞላም። ኃይሌና ሺሪክያና ከሃዋርድ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ የከፈቱት ሳንኮፋ የመጻሕፍትና የቡና ቤት ፊልሞቹን ከተመልካች ጋር እስከ ዛሬ ያገናኛል።

ሌላው ድክመት ጊዜ ነው። ኃይሌ በ1970 ገብተው ማስተርሳቸውን በ1976 ያዙ፤ የበርኔትም ከዚያ አላጠረም። ያኔ ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ክፍያው ጥቂት ስለነበር ተማሪ መሣሪያውን እየተጠቀመ መቆየት ያዋጣው ነበር። ዛሬ ከሌላ ግዛት ወይም ከውጭ ለሚመጣ ሰው በየዓመቱ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ያው ፊልም በዚያው ፍጥነት ቢሠራ ዕዳው ከፊልሙ ይበልጣል።

በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከምርቃት በኋላ ያለውን አንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ አስቀድሞ ማቀድ አለበት። ማመልከቻው ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ካለቀ በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ ይገባል። በፈቃዱ ዘመን ያለ ሥራ የሚቆዩበት ቀን ተደምሮ ከ90 ማለፍ የለበትም። ለፊልም ሠራተኛ ይህ ይከብዳል፣ ሥራው ቁርጥራጭ ነውና። አጫጭር ሥራዎችን ደምሮ በሳምንት 20 ሰዓት መሙላት ይቻላል፤ የእያንዳንዱን ቀጣሪ ስም፣ ቀንና ሰዓት የያዘ ዝርዝር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ አለበት። ለፊልም ቀረጻ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኢንጂነሪንግ ዘርፎቹ ተጨማሪ 24 ወር አይሰጥም።

ማመልከቻ ከመላኩ በፊት ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ የሚቀርቡ ጥያቄዎች፦ የመመረቂያ ፊልሙ የቅጂ መብት የማን ነው፤ የተማሪው ወይስ የዩኒቨርሲቲው? መሣሪያው ከከተማ ውጭ፣ ከአገርም ውጭ መውጣት ይችላል ወይ? ቢችል ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ዋናው ቅጂ ከምርቃት በኋላ የት ይቀመጣል? የዩሲኤልኤ ማኅደር የዚያን ትውልድ ሥራ ፈልጎ፣ አድሶ፣ በ2011 በትልቅ ዝግጅት ለሕዝብ አቅርቧል። ብዙዎቹ ፊልሞች ግን ማኅደሩ እስኪደርስላቸው ድረስ የቆዩት በሠሪዎቹ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ “ወደፊት እናያለን” የሚል መልስ ከመጣ ሁለት ሃርድ ድራይቭ ገዝቶ በሁለት የተለያየ ቤት ማስቀመጥ ነው።