ቪትዝ በጅማ፦ ከውጭ ተመልሼ የገዛኋት ያገለገለች መኪና ዓመት ሊሞላት ሲል

ከጀርመን ጠቅልዬ ጅማ ከገባሁ በኋላ የገዛኋት ቶዮታ ቪትዝ እጄ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። ክረምቱንም በጋውንም አይታለች። አዲስ አበባ ተመላልሳለች፣ አጋሮ ሄዳለች፣ ጅረንም ወጥታለች። ስገዛት ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም። ምክሩ ግን ባብዛኛው የአዲስ አበባ ምክር ነበር፤ ጅማ ላይ ግማሹም አልሠራልኝም። እኔ ጋ የሠራውንና ያልሠራውን ልጻፈው፣ በተለይ ከውጭ መጥቶ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚኖር ሰው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት ናት። 1000 ሲሲ፣ ቤንዚን፣ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ እየተባለች ትሸጥ የነበረችው ማለት ናት። በዚህ ዕድሜ ያለች ያሪስ ጀርመን ውስጥ በ2000 ዩሮ ገደማ ትገኛለች። እኔ እዚህ የከፈልኩት ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ቀልድ መሰላቸው።

ቀልድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ብር ወረደ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቪትዝ ተተኪ የላትም፣ ዋጋዋም አይወርድም። ሲገዙ ያንገበግባል። ሲሸጡ ግን ደስ ይላል ይባላል፤ እሱን ገና አላየሁትም።

የኤሌክትሪክ መኪናም አስቤ ነበር። ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው ነገሩ ያዋጣል፤ ቤት ሰክቶ ማደር ነው። የእኔ ወላጆች ግን አዲስ አበባ ናቸው። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት አለ። መንገድ ላይ ቻርጅ አገኛለሁ ብዬ እናቴን ጭኜ ለመውጣት አልደፈርኩም። ቪትዝን የመረጥኩት ደግሞ ጅማ ውስጥ የትኛውም ጋራዥ ብገባ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታት ነው።

ጀርመን ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ኪሎ ሜትሩና የሰርቪስ ደብተሩ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ምርመራም አለ። አዲስ አበባ ላይ የሰርቪስ ደብተር ብዬ ስጠይቅ ደላላው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ የምትገዛው መኪና ነው ወይስ ደብተር?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደብተር የለም። ኪሎ ሜትሩም ቢኖር ማንም አያምነውም። ሻጩም ራሱ አያምነውም፤ «እሱን ተወው፣ ሞተሩን ስማ» ይላል።

ሞተሩን መስማትም ቢሆን ብዙ አይነግርም። የቪትዝ ሞተር ዘይት በጊዜው ከተቀየረለት ጠንካራ ነው፣ ሰዓት ማስጠበቂያውም (ታይሚንግ የሚባለው) ሰንሰለት እንጂ ቺንጋ (ቀበቶ) ስላልሆነ በየጊዜው ልቀይር ብላችሁ አትጨነቁም። ገንዘብ የሚበላው ሌላ ቦታ ነው፤ ከሥርና ከመሪው።

ቪትዝ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ የጃፓን ገበያ ስም ነበር። ጃፓኖች በግራ መስመር ስለሚነዱ መሪው በቀኝ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የቀኝ መሪ መኪና ማስገባት ስለማይፈቀድ ብዙዎቹ ቪትዞች ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የገቡት። የፍጥነት መቁጠሪያው ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ ጋቢና ገብቶ የሚያይ ሰው ላይነቃ ይችላል። እኔን ያነቃኝ ፍሬቻው ነው፤ በቀኝ እጅ በኩል ቀርቷል። የመጀመሪያው ሰሞን ወደ ግራ ልታጠፍ ስል በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያው ይነሳብኝ ነበር።

መሪው መዛወሩ ብቻውን አያስፈራ። የሚያስፈራው እንዴት እንደተዛወረ ነው። ስለዚህ ኮፈኑን አስከፍታችሁ ሞተሩን ከጋቢና የሚለየውን ላሜራ እዩት። ብየዳው ሻካራ ከሆነ፣ ድሮ ፔዳል የነበረበት ቀዳዳ በስቱኮ ብቻ ከተደፈነ ተዉት። ፍሬኑን ደጋግማችሁ እርገጡት፤ እየረገጣችሁት ቀስ እያለ ከሰመጠ አትግዙ። የሙከራ ጉዞውንም ቀለበት መንገድ ላይ አታድርጉ። ደላሎች እዚያ ይወስዷችኋል፣ እዚያ ላይ ሁሉም መኪና ደህና ነው። ኮብልስቶን ያለበት ሰፈር አስገቧትና መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ይግጠም፣ እዳና እገዳ ይጣራ፣ «በውክልና ይዘህ ንዳት፣ ስሙን በኋላ ታዛውራለህ» የሚለውን አትቀበሉ። ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ጅማ ላይ ልታስመዘግቡ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ እስኪዛወር ጊዜ ስለሚወስድ የቦሎ (የዓመታዊ ምርመራው) ወቅት ሳይደርስ ጀምሩ።

አሁን ወደ መንገዱ። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ሲጀመር 70 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ላላት ትንሽ ሞተር ይሄ ቀላል አይደለም። ብቻዬን ስሆን አይሰማኝም። እንግዳ መጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳይ ብዬ አምስት ሆነን ጅረን ስንወጣ ግን ሞተሯ ታለቅሳለች። ትወጣለች፣ አልቆመችብኝም። ወሬው ግን ይቋረጣል።

ጊቤ ሌላ ጉዳይ ነው። ከጅማ ስትሄዱ አበልቲን፣ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ወልቂጤን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ነው፣ ኩርባው ብዙ፣ ሙቀቱም ከላይ ካለው አየር ጋር አይገናኝም። አውቶማቲክ የሚነዱ ብዙ ሰዎች ማርሹን ዲ ላይ ትተው በፍሬን ብቻ ይወርዳሉ። ፍሬኑ ይግላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ መያዙ ይቀንሳል። ማርሹን ወደ 2 አውርዱት። ሞተሯ ትጮሃለች፣ ትጩህ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ኤሲውን አጥፉና ከከባድ መኪና ኋላ ታግሳችሁ ሂዱ። በዚች ሞተር ኩርባ ላይ መቅደም አይታሰብም። መቅደሙን ትታችሁ ስትሄዱ ጉዞው የሚረዝመው በጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለ ኤሲ ካነሳሁ፣ ሲሸጡልኝ አይሠራም ነበር። «ጅማ ቀዝቃዛ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርግልሃል?» ብለውኝ ነበር። አየሩማ ደህና ነው። ችግሩ ዝናቡ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። አራት ሰው በረጠበ ልብስ መኪና ውስጥ ሲገባ መስታወቱ በአንዴ ይደበዝዛል። መስኮት እንዳትከፍቱ ዝናብ ነው። በጨርቅ ብትጠርጉት ተመልሶ ይመጣል። ኤሲ ደግሞ የአየሩን እርጥበት ስለሚያወጣው መስታወቱ ወዲያው ይጠራል። ያስጠገንኩት ለዚህ ነው፤ ካወጣሁት ወጪ ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው። ስለዚህ ለጅማ መኪና ስትገዙ «ኤሲ አያስፈልግህም» የሚላችሁን አትስሙ፣ ካልሠራም ዋጋ አስቀንሱበት።

ዝናቡ ሌላም ነገር አሳይቶኛል። መጥረጊያው በቀኝ ለሚቀመጥ ሾፌር የተሠራ ስለሆነ በእኔ በኩል ያለውን የላይኛውን ጥግ ሳይጠርገው ያልፋል። አደባባይ ላይ ባጃጅ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ ከዚያ ጥግ ነው። አንገቴን አስግጌ መንዳት ለምጃለሁ።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን ባውዛው (የፊት መብራቱ) ነው። ማንም ሳይነግረኝ ነው የገዛሁት። የጃፓን መኪና አጭሩ መብራት ወደ ግራ ዳር ከፍ ብሎ እንዲያበራ ነው የሚሠራው፤ እነሱ ጋ ግራ ዳሩ እግረኛው ያለበት ነው። እኛ በቀኝ ስንነዳ ግራችን ላይ ያለው ከፊት የሚመጣው መኪና ነው። ስለዚህ አጭር መብራት ላይ ሆኜ እንኳ ሰው ዓይን ውስጥ አበራለሁ። ማታ ከሰርቦ ወደ ጅማ ስገባ የመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል፣ አንዳንዱም ይሰድበኛል። ባውዛውን ዝቅ አስደረግኩት፤ ለእነሱ ተሻላቸው፣ ለእኔ ግን መንገዱ አጠረብኝ። መካኒኩ የአውሮፓ ያሪስ ባውዛ ከሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ) ከተገኘ ይገጥማል ብሎኛል፤ እያስፈለግኩ ነው። እስከዚያው ማታ ከከተማ አልወጣም።

ከመሬት የምትነሳው ስንዝር አይሞላም። ቤቴ ቆጪ አካባቢ ሆኖ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። በጋ ላይ ችግር የለም። ክረምት ላይ ጎርፍ መንገዱን እየቆፈረ መሃሉን ጉብታ ሲያደርገው ሆዷ ይነካል። ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) አንዴ ተፈትቶ ተንጠልጥሎ የጅማ መርካቶ ድረስ እያንኳኳ ሄዷል። አሁን የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሻንጣ ወይም ከባድ ዕቃ ከጫንኩ ደግሞ ዞሬ በአስፋልቱ እገባለሁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ወጪዬም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የፊት አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው) እና የእግር ጎሚኒዎች (መገጣጠሚያው ላይ ያሉት ላስቲኮች)። ጎሚኒውን መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ። ጥቂት ወር ሳይቆይ ተበላ። መካኒኬ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። የፈቱትን አሮጌ ዕቃ እጄ ላይ ሳያስቀምጡ ሒሳብ አይነግሩኝም። የተበላውን ጎሚኒ ሰጥተውኝ «ልጄ፣ ከአዲስ ኮፒ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻልሃል» አሉኝ። ከሶማሌ ተራ በሰው አስገዝቼ በአውቶቡስ አስጫንኩ፤ በማግስቱ ደረሰ። እስካሁን ድምፅ የለም። ለዚች መኪና ዕቃ ከአዲስ አበባ አንድ ቀን ነው የሚርቀው። ትላልቅ መኪና ያላቸው ጓደኞቼ ሳምንት ሲጠብቁ አይቻለሁ።

ነዳጅ ላይ አመሰግናታለሁ። ከተማ ውስጥ በሊትር 12 እና 13 ኪሎ ሜትር፣ አገር አቋራጭ ላይ እስከ 16 ትሄዳለች። ታንከሯ 45 ሊትር ይይዛል፤ ጅማ ላይ ሞልቼ ወጥቼ አዲስ አበባ ገብቼም ይተርፈኛል። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፣ ማደያ ላይም ሰልፍ የሚኖርበት ቀን አለ፤ ስለዚህ ሳይጎድል መሙላት ልማድ ሆኖብኛል። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። መሃል ላይ ትንሽ ትበላለች፤ በዕድሜዋ የሚጠበቅ ነው። ግማሽ ሊትር ፖርታ ባጋልዮ ውስጥ አይጠፋም።

ስለ ፖርታ ባጋልዮው፣ ትንሽ ነው። የኋላው ወንበር ሲታጠፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለአጎቴ ልጅ ሠርግ የጅማ በርጩማ፣ ማርና ቡና ጭኜ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። አጎቴ ዕቃው ሲወርድ ቆመው አይተው «ይሄን ሁሉ በዚች?» አሉ።

ከውጭ መጥታችሁ ጅማ ልትኖሩ ከሆነና ቤታችሁ አስፋልት ወይም ደህና ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ቪትዝ ትበቃችኋለች። የአውሮፓ ያሪስ ካገኛችሁ ግን ጨምራችሁ እሷን ያዙ፤ መሪዋም፣ መብራቷም፣ መጥረጊያዋም ለእኛ መንገድ የተሠራ ነው። ማንዋል ካገኛችሁ ደግሞ ለጊቤም ለጅረንም ይሻላል። ሥራችሁ በየሳምንቱ ገጠር የሚያስወጣችሁ ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ ከአስፋልት ርቆ ጭቃ የሚሻገር ከሆነ ግን ዕድሜዋን ትታችሁ ከፍታ ያላት መኪና ፈልጉ።